የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከተፈጸመ በኋላ ስለሚመረጠው የፋይናንስ ሞያ ማረጋገጫ

መግቢያ

በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመመረቅ የተቃረበ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ «ከዲግሪው በኋላ የትኛውን የሞያ ማረጋገጫ ብይዝ ይሻለኛል?» የሚል ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የስሞች ዝርዝር ነው። አንዱ ኤሲሲኤ ይላል፤ ሌላው ሲኤፍኤ ይላል፤ ሦስተኛው ሁሉንም ትቶ ለማስትሬት ዲግሪ መመዝገብ ይበልጣል ይላል። ጠያቂውም ከነዚህ ስሞች ውስጥ በዚያ ዓመት የገነነውን ይዞ ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማረጋገጫዎቹን በማዕረግ ቅደም ተከተል መደርደር አይደለም። እያንዳንዱ ማረጋገጫ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ የተቋቋመ እንደሆነ፣ በአገራችን ያን መልስ ፈልጎ ደመወዝ የሚከፍል ማን እንደሆነ፣ ለማግኘትም ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ ለማስረዳት ነው። ከጉለሌና ከመሰል ሠፈሮች የምንመጣ ብዙ ተማሪዎች የፈተናውን ክፍያ የምናገኘው ከወላጆቻችን ጥሪት ወይም ከመጀመሪያው ደመወዛችን ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ምርጫ የሚያባክነው የአንድ ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡንም ገንዘብ ጭምር ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅልን።

፩. የማረጋገጫዎቹ አመጣጥ

እያንዳንዱን የሒሳብ እንቅስቃሴ በሁለት ወገን የመመዝገብ ዘዴ በአውሮፓ በጽሑፍ የተስፋፋው ኢጣሊያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን መዝገብ መያዝ ብቻውን የሞያ ማኅበር አልወለደም። የሞያ ማኅበር የተወለደው የንብረቱ ባለቤትና የንብረቱ አስተዳዳሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በሆኑ ጊዜ ነው። ገንዘቡን ለአክሲዮን ማኅበር ሰጥቶ በሩቅ የተቀመጠ ሰው መዝገቡን ገልጦ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይህ ሒሳብ ትክክለኛ ነው» ብሎ የሚፈርም ሦስተኛ ሰው አስፈለገው። በስኮትላንድ የኤዲንበርግ ሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር በ1854 እ.ኤ.አ. ከንግሥቲቱ ቻርተር ተቀበለ። ዛሬ በአገራችን ስሙ የታወቀው ኤሲሲኤ የተገኘበት ማኅበርም በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን ተመሠረተ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የፋብሪካዎች ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎች እየሰፉ ሲሄዱ ባለቤቶቹ «ያለፈው ዓመት ትርፍ ስንት ነው?» ከሚለው አልፈው «ይህ አንድ ዕቃ ስንት ፈጀ? ነገስ ስንት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሚመልሱት የወጪ ሒሳብ ዐዋቂዎች በ1919 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሲኤምኤ የሚባለውን ማረጋገጫ የሚሰጠው ይኸው ማኅበር ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየድርጅቱ ውስጥ ሆነው የአሠራሩን ሥርዓት የሚመረምሩ ሰዎች የውስጥ ኦዲተሮችን ማኅበር መሠረቱ፤ ሲአይኤ የሚባለው ማረጋገጫ የእነሱ ነው። በመጨረሻም አክሲዮንና የብድር ሰነድ በገበያ ሲሸጥና ሲገዛ «ይህ ወረቀት ስንት ያወጣል?» የሚለውን የሚመልሱ ተንታኞች በ1963 እ.ኤ.አ. የሲኤፍኤን የመጀመሪያ ፈተና ተፈተኑ።

እንግዲህ እንደምናየው ማረጋገጫዎቹ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ የአንድ መሰላል ደረጃዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው በተለያየ ዘመን በተነሣ በተለያየ ችግር ምክንያት የተፈጠሩ ናቸው።

፪. በአገራችን የነበረው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የንግድ ትምህርት መሠረት የያዘው በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ፣ አክሲዮን ማኅበሮችም ሒሳባቸውን የሚመረምር ኦዲተር እንዲኖራቸው አዘዘ። በዚያ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን በአዲስ አበባ ይሸጥና ይገዛ እንደነበር ይታወቃል። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በመንግሥት ሲወረሱ ግን ይህ ንግድ ቆመ።

የዚህ ውጤት በትምህርታችን ላይ እስካሁን ይታያል። አክሲዮን የማይሸጥበት አገር አክሲዮን የሚተምን ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መዝገብ የሚይዝ፣ መዝገብ የሚመረምርና ግብር የሚያሰላ ሰው ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንኮች እንደገና ከተፈቀዱ በኋላም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ የቆየው የተደራጀ ገበያ ሳይኖር ነው። ስለዚህ የሒሳብ ትምህርታችን በአብዛኛው ወደ ኋላ የሚመለከት፣ ያለፈውን በትክክል የሚጽፍ ትምህርት ሆኖ አደገ። ጸሐፊው በተማረበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የመዝገብ አያያዝ ትምህርት የሚጀመረው በዴቢትና በክሬዲት ነበር፤ መዝገቡን ማን እንደሚያነበውና አንብቦም ምን እንደሚወስንበት ግን አይነገረንም ነበር።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁኔታ ተለውጧል። ለውጡን የሚያስረዱ ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚቋቋምበትን መንገድ ከፈተ፤ ድርጅቶችም በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች እንዲሠሩ ወሰነ። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲጀምሩ፣ ሌሎቹም በየተራ እንዲከተሉ ተደረገ።

ሁለተኛ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ። በዚህ መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አክሲዮኑንም በመጀመሪያ ያስመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ የተሸጠውም 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች በአገር ውስጥ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ።

ስለ ሁለተኛው ጥቂት እናስብ። አንድ የጉለሌ ነጋዴ ወይም ጡረተኛ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ሲገዛ፣ ዋጋው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ከማን ሊጠይቅ ይችል ነበር? ያለፈውን ዓመት ትርፍ የሚነግረው ሒሳብ ዐዋቂ ብዙ ነው፤ የወደፊቱን ገቢ ገምቶ «ይህ ዋጋ ውድ ነው» ወይም «ርካሽ ነው» ብሎ በምክንያት የሚያስረዳው ሰው ግን ጥቂት ነው። የፋይናንስ ማረጋገጫ ጥያቄ የአገር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ላይ ነው።

፫. አንድ ምሳሌ፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች

የማረጋገጫዎቹ ልዩነት በትርጓሜ ከሚገለጽ ይልቅ በምሳሌ ቢገለጽ ይቀላል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ እንደሆነ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ብዙ ሸማኔዎችም በጉለሌ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ለምሳሌ ያህል ዐሥር ሸማኔዎች ተባብረው አንድ የሸማ ድርጅት አቋቋሙ እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ እንጂ በጥናት የተገኙ አይደሉም።

ሀ) የሪፖርትና የኦዲት ጥያቄ። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ በመጋዘን 400 ነጠላ እንዳለ፣ የእያንዳንዱም ወጪ 600 ብር እንደሆነ፣ በጠቅላላው 240,000 ብር እንደሚሆን ያሳያል። ኦዲተሩ ቆጥሮ 360 ብቻ አገኘ። ከነዚህም ውስጥ 50ዎቹ የጥበባቸው ቀለም ስለደበዘዘ ከ400 ብር በላይ አይሸጡም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ዕቃ በወጪውና ሲሸጥ በሚያስገኘው የተጣራ ዋጋ መካከል በአነስተኛው እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ 310ሩ በ600 ብር ሒሳብ 186,000፣ 50ዎቹ በ400 ብር ሒሳብ 20,000፣ በጠቅላላው 206,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 34,000 ብር ነው። ድርጅቱ አለኝ ያለው ንብረት በዚህ ልክ አልነበረውም ማለት ነው። ይህን ለማወቅና በፊርማ ለማረጋገጥ የሚያዘጋጀው በተለይ ኤሲሲኤ ነው።

ለ) የወጪ ጥያቄ። የአንዱ ነጠላ 600 ብር ወጪ እንዲህ የተከፋፈለ ነው እንበል፦ ለድርና ማግ 350 ብር፣ ለሸማኔው የእጅ ዋጋ 200 ብር፣ ከቤት ኪራይና ከመሳሰለው የሚደርሰው ድርሻ 50 ብር። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለምና ገበያው ሲቀዘቅዝ አንድ ነጋዴ መጥቶ 100 ነጠላ እያንዳንዱን በ580 ብር ልውሰድ አለ። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው «600 ብር ያወጣሁበትን በ580 አልሸጥም» ይላል። የወጪ ሒሳብ የተማረ ሰው ግን የቤት ኪራዩ ነጠላው ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈል መሆኑን ያስተውላል። በዚህ ትእዛዝ ምክንያት የሚጨምረው ወጪ 550 ብር ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ 30 ብር፣ በጠቅላላው 3,000 ብር ይገኛል፤ ሸማኔዎቹም በጾሙ ወራት ሥራ አይፈቱም። ሁልጊዜ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ ግን ኪራዩ የሚከፈልበት ይጠፋል። መቼ እሺ፣ መቼ እንቢ እንደሚባል የሚያስተምረው ሲኤምኤ ነው።

ሐ) የዋጋ ግምት ጥያቄ። ድርጅቱ በ120,000 ብር የተሻሻለ የሽመና መሣሪያ ለመግዛት ዐሰበ። መሣሪያው ለአራት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ብር ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል። ድምሩ 160,000 ብር ስለሚሆን ትርፉ ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ የሚገኝ ብር ዛሬ በእጅ ካለው ብር ጋር እኩል አይደለም። የገንዘቡ ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ቢሆን የአራቱ ዓመት ገቢ ዛሬ የሚያወጣው 126,800 ብር ያህል ነው፤ ስለዚህ መግዛቱ ያዋጣል። የገንዘቡ ዋጋ 18 በመቶ ቢሆን ግን የሚያወጣው 107,600 ብር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አያዋጣም። መሣሪያው ያው ነው፤ ገቢውም ያው ነው፤ ውሳኔውን የለወጠው የገንዘቡ ዋጋ ነው። ይህን ዓይነቱን ስሌት ከአንድ መሣሪያ አንሥቶ እስከ አክሲዮንና እስከ መንግሥት የብድር ሰነድ ድረስ የሚያስፋፋው ሲኤፍኤ ነው።

መ) የአሠራር ሥርዓት ጥያቄ። በድርጅቱ ውስጥ ክሩን ተረክቦ የሚያስቀምጠው፣ ለሸማኔዎቹ የሚያድለው፣ በመዝገብም የሚጽፈው አንድ ሰው ነው እንበል። እስካሁን የጠፋ ነገር የለም፤ ሰውዬውም የታመነ ነው። ቢሆንም ንብረት የሚይዝና ንብረት የሚመዘግብ ሰው አንድ ሲሆን ጉድለት ቢፈጠር የሚታይበት መንገድ የለም። ጉድለት ሳይደርስ በሩን የሚዘጋው የውስጥ ኦዲተር ነው፤ ማረጋገጫውም ሲአይኤ ነው።

ሠ) የአደጋ ጥያቄ። የጥበቡ ባለቀለም ክር ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ የብር ምንዛሪ ሲወርድ ወጪው ይጨምራል። ምንዛሪው፣ ወለዱ ወይም የደንበኞች ዕዳ አለመከፈል ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ መለካት የራሱ ትምህርት ሆኗል፤ ኤፍአርኤም የሚባለው ማረጋገጫ ይህን ይመለከታል። ተፈላጊነቱ በተለይ በባንክ ቤት ነው።

እነዚህ አምስት ሰዎች የተመለከቱት አንድ ድርጅት ነው፤ የጠየቁት ግን የተለያየ ነገር ነው። ኦዲተሩ የመሣሪያውን ግዢ እንዲወስን ቢታዘዝ፣ ተንታኙም መጋዘን ቆጥሮ እንዲፈርም ቢታዘዝ፣ ሁለቱም ከሞያቸው ውጭ ይሆናሉ።

፬. ሕጉና ገበያው ምን ይላሉ?

ማረጋገጫ መያዝና የመፈረም መብት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤሲሲኤን የፈጸመ ሰው የዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ውስጥ የሌላውን ድርጅት ሒሳብ መርምሮ ለመፈረም ግን ከሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሲኤፍኤ የያዘ ሰው ደግሞ በዚያ ማረጋገጫ ብቻ የኦዲት ሪፖርት ሊፈርም አይችልም። በካፒታል ገበያ ውስጥ በአገናኝነት ወይም በኢንቨስትመንት አማካሪነት ለመሥራት የሚፈልግም ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት በፊት «ልሠራው ለምፈልገው ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ምንስ ይጠይቃል?» ብሎ መመርመር ይገባል።

የሥራ ቦታዎቹም ብዛት እኩል አይደለም። ሪፖርት የሚያዘጋጅና የሚመረመር ድርጅት ብዙ ስለሆነ ለኤሲሲኤ የሚሆን ሥራ በየቦታው አለ። ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ኦዲት ክፍል ስላላቸው ለሲአይኤ ሥራ አይጠፋም። ሲኤምኤ በአገራችን ብዙ ያልተወራለት ቢሆንም የጨርቃ ጨርቅ፣ የሲሚንቶ ወይም የቢራ ፋብሪካ በየቀኑ የሚጠይቀው የወጪ ጥያቄ ነው። ለሲኤፍኤ ግን የአክሲዮን ገበያው ገና አዲስ፣ የተመዘገቡትም ኩባንያዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ በትክክል በዚያ ሞያ የሚያሠራ ወንበር ገና ብዙ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው ሲኤፍኤ ለኢትዮጵያዊ አይጠቅምም» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት አንድ ትልቅ ነገር ይዘነጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስለ ፋይናንስ ሰነዶች የሚናገረው ዘጠነኛው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ባንኮች ብድሩ እስኪበላሽ ሳይጠብቁ ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ገምተው በሒሳባቸው እንዲያስገቡ ያስገድዳል። ይህ ማለት መዝገብ ያዡ ራሱ ወደፊት እንዲመለከት ታዟል ማለት ነው። ስለዚህ በሪፖርት አቅራቢውና በተማኙ መካከል የነበረው ግድግዳ እየፈረሰ ነው። ሲኤፍኤን የማይፈተን ሰው እንኳ የገንዘብን የጊዜ ዋጋና የአደጋን አለካክ በሚገባ ሳያውቅ የዛሬን የባንክ ሒሳብ መረዳት አይችልም። በሌላው ወገን ደግሞ የሒሳብ መግለጫ በወጉ ማንበብ የማይችል ተንታኝ ግምቱ ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ይሆናል። ስለዚህ የሒሳብ ምሩቅ ወደ ሲኤፍኤ ቢሄድ ትምህርቱን ጥሎ አይሄድም፤ ትምህርቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

፭. ጊዜና ገንዘብ

ኤሲሲኤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደራጀበት መልክ 13 ፈተናዎች አሉት። ተስማሚ ዲግሪ ያለው ሰው እስከ 9 ከሚሆኑት ነጻ ሊደረግ ይችላል፤ የነጻነቱ ብዛት ግን ማኅበሩ ለተማረበት ኮሌጅ በሰጠው እውቅና ይወሰናል። የማለፊያው ነጥብ ከመቶ 50 ነው። ከፈተናው ሌላ የሞያ ሥነ ምግባር ትምህርትና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ማኅበሩ ይህን አደረጃጀት ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚለውጥ ስላስታወቀ፣ አዲስ ተመዝጋቢ በየትኛው ሥርዓት እንደሚፈተን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አንዱን ሳያልፉ ወደሚቀጥለው አይገባም። ሰጪው ድርጅት ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመክራል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያጠና ሠራተኛ ለአንዱ ደረጃ አምስት ወር ይፈጅበታል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያውን ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከግማሽ በታች ናቸው። የሥራ ልምዱም ከ36 ወር ባላነሰ ጊዜ ውስጥ የተሠራ 4,000 ሰዓት ነው። ሲኤምኤና ኤፍአርኤም እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል፣ ሲአይኤ ሦስት ክፍል አላቸው፤ ዲግሪ ላለው ሰው የሦስቱም የልምድ ዘመን ሁለት ዓመት ነው።

የክፍያው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም የሚከፈለው በፓውንድ ወይም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሸክሙ ምን ያህል እንደጨመረ ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ስለነበረ የአንድ ሺህ ዶላር ክፍያ 57,000 ብር ያህል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር ስላለፈ ያው ክፍያ ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። የሲኤፍኤም ፈተና የሚከፈልበት በዶላር ነው።

ከዚህ ሁለት ምክሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ወጪ ሲሰላ አንድ ጊዜ ወድቆ እንደገና መፈተንን ጨምሮ ይሰላ። በመጀመሪያው ሙከራ ማለፍን ብቻ የሚያስብ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ሁለተኛው፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ይፈለግ። ሲኤፍኤን የሚሰጠው ድርጅት ክፍያውን መሸፈን ለማይችሉ ሰዎች የክፍያ ቅናሽ የሚያደርግበት ዕድል አለው፤ ሲኤምኤን የሚሰጠውም ማኅበር ገና በትምህርት ላይ ላሉ ተማሪዎች ዕድል ይሰጣል። ይህ በማመልከቻ የሚገኝ ሲሆን ብዙዎቻችን የምንሰማው ከተመረቅን በኋላ ነው።

፮. ስለ ማስትሬት ዲግሪ

ማስትሬት ዲግሪን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት አላቸው። በአገር ውስጥ በብር ይከፈላል፤ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ይታወቃል፤ ለማስተማርና ለምርምርም በር ይከፍታል። በጠባዩ ግን ከሞያ ማረጋገጫ ይለያል። ዲግሪው የሚመሰክረው ሰውዬው አንድን የትምህርት ዘርፍ እንዳጠና ነው፤ የሞያ ማረጋገጫው የሚመሰክረው ሥራውን በታወቀ ደረጃና በተወሰነ ልምድ ሊሠራ እንደሚችል፣ ሞያውን ቢያበላሽም በማኅበሩ እንደሚጠየቅ ነው። መምህር ወይም ተመራማሪ ለመሆን የሚሻ ሰው ማስትሬቱን ያስቀድም፤ በሒሳብ ወይም በኢንቨስትመንት ሥራ ለመኖር የሚሻ ግን ማረጋገጫውን ያስቀድም ዘንድ የጸሐፊው አስተያየት ነው።

፯. እንዴት እንምረጥ?

ከላይ የተባለውን በሦስት ጥያቄ መጠቅለል ይቻላል።

1ኛ. ከሸማው ድርጅት አምስት ጥያቄዎች ውስጥ በየቀኑ ስመልሰው ብኖር የማይሰለቸኝ የትኛው ነው?

2ኛ. ያን ጥያቄ በኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በደመወዝ የሚገዛ ማን ነው? የመፈረም ፈቃድስ የሚሰጠኝ ማን ነው?

3ኛ. አንድ ጊዜ ብወድቅ፣ ምንዛሪም ቢጨምር፣ የጀመርኩትን ለመፈጸም አቅም አለኝ?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «የለኝም» የሆነ ተማሪ አይቁረጥ፤ ነገር ግን አይቸኩል። አንድ ዓመት በኦዲት ድርጅት ወይም በፋይናንስ ክፍል መሥራት ምንም አያስቀርበትም። የሚሠራበት ጊዜ ለማረጋገጫው የሚጠየቅ ልምድ ሆኖ ሊቆጠርለት ይችላል፤ አንዳንድ አሠሪዎችም የፈተናን ክፍያ ይረዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በሥራ ላይ ይመልሰዋል።

እንደ ጸሐፊው አስተያየት ለአብዛኛው የሒሳብ ምሩቅ የቀናው መንገድ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎቹን በሚገባ ዐውቆ በኤሲሲኤ መጀመር ነው፤ ዲግሪው ከፈተና ነጻ የሚያደርገው፣ ሥራውም በየቦታው የሚገኝ ነውና። ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሲኤምኤን አይናቅ። ወደ ባንክ የብድርና የአደጋ ክፍል፣ ወይም ወደ አዲሱ የካፒታል ገበያ ለመግባት በእውነት ያሰበ ሰው ደግሞ ወንበሩ ጥቂት ነው ብሎ ሲኤፍኤን አይተው፤ ገበያው እየሰፋ ሲሄድ የሚፈለጉት አስቀድመው የተዘጋጁት ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጀመር ግን ሁለቱንም በግማሽ መተው ሊሆን ይችላል።

ለኮሌጃችንም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪው በሁለተኛው ዓመት ሳለ፣ ማለትም ገና ሳይመረቅ፣ የትኛው የኮሌጁ ትምህርት ከየትኛው ፈተና ነጻ እንደሚያደርግ፣ ፈተናውም የት እንደሚሰጥና ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ በትምህርት ክፍሉ ተዘጋጅቶ በየዓመቱ እየታረመ ቢለጠፍ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይተርፋል። ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት ከአንባቢዎች መካከል በነዚህ ፈተናዎች ያለፉ መምህራንና ቀደም ብለው የተመረቁ ወንድሞችና እኅቶች ያወቁትን ቢጽፉልን፣ በሚቀጥለው እትም አሰባስበን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።